ለቆዳ ሰፊው ሦስተኛ እጅ

ባንድ አገር የእጅ ሥራ ምን ያህል እንደሚከበር ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ብዙ መመርመር አያስፈልገውም። ሠራተኛው በምን ላይ ተቀምጦ፥ ሥራውንም በምን ይዞ እንደሚሠራ መመልከት ይበቃዋል። ጸሐፊው ጠረጴዛ አለው፤ ልብስ ሰፊው መኪና አለው፤ አናጢውም እንጨቱን የሚያሳርፍበት አግዳሚ አለው። ቆዳ ሰፊውን ግን በብዙ ገበያዎቻችን የምናገኘው ባጭር በርጩማ ላይ ጐብጦ፥ ቆዳውን በጉልበቶቹ መካከል ጨምቆ፥ አንዳንድ ጊዜም ክሩን በጥርሱ እየሳበ ነው። ለዚህ ሰው የጐደለው ብልኀት አይደለም። የጐደለው ሦስተኛ እጅ ነው። ዛሬ ልንነጋገርበት የምንወደው ይህን ሦስተኛ እጅ ከእንጨት ስለ መሥራት ነው።

ነገሩን ከኢሉባቦር፥ ይኸውም ከመቱና በዙሪያዋ ካሉት ታናናሽ ከተሞች፥ ለምሳሌም ከኡካ አንጻር ብናየው የበለጠ ይገለጣል። ለቆዳ ስፌት የሚያስፈልጉት ሦስት ነገሮች፥ ቆዳ፥ ሰምና እንጨት፥ በዚያ አገር ባንድነት ይገኛሉ። ከብቱ ከደጅ፥ ቀፎው ከዛፍ ላይ፥ ኦሮሞው ወዴሳ የሚለው ዋንዛም ለቡናው ጥላ ሆኖ ከማሳው ዳር ነው። ነገር ግን ይህ ሁሉ በረከት ባንድ ሠራተኛ እጅ ላይ ሳይገናኝ ብዙ ዘመን አልፏል። ዐፄ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተዋዋሉት ውል መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር፥ በጋምቤላ፥ የንግድ ጣቢያ ከተቋቋመ በኋላ የኢሉባቦር ቡና፥ ሰምና ቆዳ ከጎሬ ወርዶ በመርከብ ወደ ሱዳን ይጫን ነበር። ያ የመርከብ ንግድ ዛሬ የለም፤ ልማዱ ግን አልቀረም። ቆዳው ጥሬውን ይወጣል፤ በሞጆና ባዲስ አበባ ፋብሪካዎች ይለፋል፤ ወደ አገሩ የሚመለሰው ጫማ ወይም ቀበቶ ሆኖ፥ የብዙ እጅ ትርፍ ተጨምሮበት ነው። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ማለት ይህ ነው።

እንግዲህ አንድ አግዳሚ ወንበር ይህን እንዴት ሊለውጥ ይችላል የሚል ይኖራል። መልሱን ለማግኘት የቆዳ ስፌት እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል።

የስፌት መኪና በሁለት ክር ይሰፋል፤ አንዱ ከላይ፥ ሁለተኛው ከታች ሆነው በቆዳው ውስጥ ይቆላለፋሉ። ስለዚህ አንዱ ክር ባንድ ቦታ በተቈረጠ ጊዜ ስፌቱ ከዚያ ተነሥቶ እየተረተረ ሊሄድ ይችላል። የኮርቻ ሠሪዎች የእጅ ስፌት ግን ሌላ ነው። ባንድ ረዥም ክር በሁለት ጫፉ ሁለት መርፌ ይገባል። ወስፌ ቆዳውን በበሳው ቁጥር ሁለቱ መርፌዎች፥ አንዱ ከግራ አንዱም ከቀኝ፥ በዚያው ባንዱ ቀዳዳ ይተላለፋሉ፤ ሁለቱም እጆች እኩል ይስባሉ። ክሩ በሰም ስለ ታሸ ቀዳዳውን ይሞላል፥ ውኃም ቶሎ አያስገባም። ባንድ ወገን ያለው ክር ቢበጠስ እንኳ በሌላው ወገን ያለው ይይዛል። «ካንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» የተባለው ለዚህ ስፌት የተነገረ ይመስላል። ዓመት ከዓመት በዝናብና በላብ የሚርስ የበቅሎ ኮርቻ፥ መጫኛ፥ ልጓምና ቀበቶ የሚጸናው በእንዲህ ያለው ስፌት ነው።

ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ሁለት እጅ ሁለት መርፌ ከያዘ፥ ቆዳውን ማን ይያዘው? አንዱ እጅ ቆዳውን እንዲይዝ የተገደደ ሰው ባንድ መርፌ ብቻ ይሰፋል፤ ክሩም ባንድ በኩል ይጠብቃል፥ በሌላው በኩል ይላላል። ቆዳው በጉልበት መካከል በተንሸራተተ ቁጥር ወስፌው መንገዱን ይስታል፤ ፊት ለፊት ያማረው ስፌት ከጀርባው የተዛባ ይሆናል። ገዢውም ይህን አይቶ «ያገር ቤት ሥራ» ብሎ ዋጋውን ይሰብራል። እውነቱን ለመናገር ገዢው የሚነቅፈው የሠራተኛውን እጅ ሳይሆን የመሣሪያውን መጥፋት ነው።

መሣሪያው ከባድ አይደለም። ባጭር ቃል፥ ሰው ተፈናጦ የሚቀመጥበት የእንጨት ሞርሳ ነው። ርዝመቱ 90 ሳንቲ ሜትር፥ ወርዱ 25፥ ውፍረቱ 4 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጣውላ ባራት እግር ላይ ይቆማል፤ ከመሬት ያለው ከፍታ 45 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ለብዙ ሰው ይስማማል። ከጣውላው ፊተኛ ጫፍ ላይ እያንዳንዳቸው 10 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያላቸው ሁለት መንጋጋዎች፥ አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ፥ ወደ 45 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ላይ ይወጣሉ። የቀኙ በመሮ በተፈለፈለ ቀዳዳ ገብቶ በኮላና በሽብልቅ ይጠብቃል፤ የማይነቃነቅ እርሱ ነው። የግራው በተራ የበር ማጠፊያ ከጣውላው ጋር ይያያዛል፤ የሚከፈተውና የሚዘጋው ይህኛው ነው። ከሥራቸው ስድስት ሳንቲ ሜትር ያህል ተራርቀው ከላይ በከንፈራቸው ብቻ መገናኘት አለባቸው፤ አለዚያ ሰፋ ያለ ሥራ በመካከላቸው ሊንጠለጠል አይችልም። ከንፈሮቹም ቆዳውን እንዳያቈስሉ በብርጭቆ ወረቀት ለስልሰው፥ ለስላሳ ቍራጭ ቆዳ በኮላ ይለጠፍባቸዋል።

ለማጥበቂያው ሁለት መንገድ አለ። ቀላሉ መንገድ ሁለቱን መንጋጋዎች በመካከላቸው በስቶ ረዥም ብሎን ከነዳዶው ማስገባት ነው። የተሻለው መንገድ ግን ጠንካራ ጠፍር ከግራው መንጋጋ አሥሮ፥ በቀኙ ቀዳዳ አሳልፎ፥ ወደ ታች አውርዶ ከእግር መርገጫ ጋር ማያያዝ ነው። ሰፊው መርገጫውን ሲጫን መንጋጋው ይነክሳል፤ እግሩን ሲያነሣ ይለቃል። በዚህ ዓይነት ሁለቱ እጆች ከመርፌው ሳይለዩ ሥራው ወደ ፊት ይሄዳል። አናጢው ሥራውን ባስረከበ ጊዜም መፈተኛው ቀጭን ወረቀት ነው፤ ወረቀቱ በከንፈሮቹ ዳርና ዳር፥ በመካከልም ተይዞ ሲሳብ የማይወጣ ከሆነ ሞርሳው ደኅና ነው።

ለዚህ ዋንዛ ከደን መቍረጥ አያስፈልግም። በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ በባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት የመዘገበው የያዩ የቡና ደን ያገር ሀብት ስለ ሆነ መጠበቅ አለበት። ለአግዳሚው ከአናጢ ቤት የተረፈ ጣውላ፥ ለእግሮቹም የደረቀ ባሕር ዛፍ ይበቃል።

አንዳንድ ሰዎች ይህ ያለፈ ዘመን ዕቃ ነው ይሉ ይሆናል። እንዲህ ለሚሉት ፓሪስን እንጠቅስላቸዋለን። ሄርሜስ የተባለው ቤት በ1837 እ.ኤ.አ. በዚያች ከተማ የፈረስ ዕቃ መሥሪያ ሆኖ ተቋቋመ። ዛሬ በብዙ ሺሕ ዶላር የሚሸጡት የሴት ቦርሳዎቹ በታወቁበት ዘመን እንኳ፥ ሠራተኞቹ በጉልበታቸው መካከል የእንጨት መቆንጠጫ ይዘው፥ በሁለት መርፌና በሰም በታሸ ክር ይሰፋሉ። እዚያ የክብር ምልክት የሆነው ሥራ እዚህ የድኽነት ምልክት የሚሆንበት ምክንያት ምንድን ነው?

ደግሞ ፋብሪካ እያለ የእጅ ስፌት ምን ይጠቅማል የሚለውን ክርክር ልናቃልለው አንፈልግም። ሺሕ ጫማ ለመሥራት ፋብሪካ ያስፈልጋል። የዕለት ልብስ የሚሰፋ መኪና ግን ወፍራም ቆዳ አይበሳም፤ የሚበሳውም መኪና ዋጋው ለታናሽ ከተማ ሠራተኛ የሚቀመስ አይደለም፥ መብራት በጠፋ ቀንም ሥራው ይቆማል። የተማሪው ቦርሳ ማንገቻ ሲበጠስ፥ የገበሬው መጫኛ ሲላላ፥ የነጋዴው ቀበቶ ሲቀደድ ሞጆ ድረስ የሚልከው ማን ነው? አግዳሚው ከፋብሪካ ጋር አይወዳደርም፤ ፋብሪካ የማይደርስበትን ሥራ ይሠራል። የለፋውንም ቆዳ ከፋብሪካዎቹ ገዝቶ ወደ ኢሉባቦር በመመለስ፥ ቢያንስ የስፌቱ ዋጋ በአገሩ ሰው እጅ እንዲቀር ያደርጋል።

ዋናው መሰናክል ግን ከእንጨትም ከብረትም አይደለም። በብዙ ያገራችን ክፍል ቆዳ የሚያለፋና የሚሰፋ ሰው በዘሩ ዝቅ ተደርጎ ሲታይ፥ ጋብቻ ሲከለከል፥ ፋቂ እየተባለ ሲሰደብ ኖሯል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት ዐዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን ከልክለዋል። በ1934 ዓ.ም. ለተከፈተው የቴክኒክ ትምህርት ቤትም «ተግባረ እድ» የሚል ስም ተሰጠው፤ ይኸውም የእጅ ሥራ ማለት ነው። ዐዋጁም ስሙም መልካም ነበሩ። ነገር ግን አፍ ከስድብ ቢከለከልም ዓይን ከንቀት አይከለከልም። አክብሮት በንግግር ብቻ ሳይሆን በዋጋና በመሣሪያ መገለጥ አለበት። የቆዳ ሰፊው ልጅ አባቱ ጐብጦ ሲሠራ እያየ አድጎ፥ ሙያውን ሳይማር ወደ ሌላ ከተማ ቢኰበልል ማን ይፈርድበታል? እርሱ በሄደ ቀን ግን የሚጠፋው አንድ ሠራተኛ ብቻ አይደለም፤ ካባት ወደ ልጅ ሲወርድ የመጣ ዕውቀት ነው።

ስለዚህ ለተማሪ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፥ በየወረዳው ለምታገለግሉ ወጣት የመንግሥት ሠራተኞችም የምናቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። በመቱ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በቴክኒክና ሙያ የሚያሠለጥኑ ትምህርት ቤቶችም አሉ። እንጨት ሥራ የሚማር ተማሪ ለልምምድ ብዙ ጊዜ በርጩማ ወይም ሣጥን ይሠራል፤ ከዚያ ይልቅ ይህን ሞርሳ ይሥራ፤ የሠራውንም በኡካ ወይም በሌላ ከተማ ገበያ ላለ ቆዳ ሰፊ በእንጨቱ ዋጋ ብቻ ያስረክብ። ከማስረከቡም በፊት ሠራተኛው ይቀመጥበት፤ የጣውላውን ከፍታና የመንጋጋውን ቁመት የሚወስነው የርሱ ጀርባ እንጂ የመጽሐፍ ሥዕል አይደለምና። የወረዳው ሹም ደግሞ ለመሥሪያ ቤቱ የሚያስፈልገውን የቆዳ ቦርሳና የመዝገብ ማኅደር ከዚያ ሠራተኛ ይዘዝ፤ ዋጋውንም ሳይከራከር ይክፈል።

ስለ ልማት የሚጻፈው ወረቀት በያመቱ ይበዛል። አንድ አግዳሚ የሚፈጀው ግን ያንድ አናጢ የሁለት ቀን ሥራ፥ ጥቂት ጣውላ፥ አንድ ማጠፊያና ጥቂት ጠፍር ነው። ይህን ታናሽ ነገር ለመሥራት ያልቻለ ትምህርት ታላቁን እሠራለሁ ቢል የሚያምነው አይኖርም። ቆዳ ሰፊው ቀና ብሎ ይቀመጥ፤ ሁለቱም እጆቹ ለሥራው ነጻ ይውጡ፤ ከዚያ በኋላ ስፌቱን አይተን እንፍረድ።