ምርምራችን ከትምህርት ቤቱ አጥር ይውጣ

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን አባባል የማያውቅ ሰው በመካከላችን የለም። ይሁን እንጂ የሰፈርና የቀበሌ ደኅንነት ጉዳይ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው በሌላኛው አባባል ነው፤ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» በሚለው። ልጅ በመኪና ከተገጨ በኋላ መንገዱ ላይ ጉብታ ይሠራል። ጎርፍ ቤት ከወሰደ በኋላ ቦይ ይቆፈራል። ገደል ከተናደ በኋላ የስብሰባ ጥሪ ይተላለፋል። ታዲያ የሞተው ሰው በስብሰባ ይመለሳል ወይ?

በዚህ ጽሑፍ ልንል የፈለግነው አንድ ነገር ነው። በማሠልጠኛ ተቋማችን ከሚሠራው ተግባራዊ ምርምር ቢያንስ ከፊሉ ከመማሪያ ክፍሉ ይውጣ፤ ተማሪው ከቤቱ ተነሥቶ የትምህርት ቤቱ ደጃፍ እስኪደርስ ያለውን መንገድና አካባቢ ይመርምር፤ ውጤቱም ከማንም በፊት ለሰፈሩ ሰው ይመለስ። ይኸው ነው። ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ጉዳዩ ግን የሕይወት ጉዳይ ነው።

እስቲ የተለመዱትን የምርምር ርእሶች እንመልከት። የተማሪዎች ማርፈድ፣ የቤት ሥራ አለመሥራት፣ የሴቶች በክፍል ውስጥ ተሳትፎ ማነስ። ሁሉም ጠቃሚ ርእሶች ናቸው። ማርፈድን ብቻ እንውሰድ። መጠይቁ ይታደላል፤ በመጠይቁም ላይ «የወላጅ ክትትል ማነስ»፣ «የተማሪው ስንፍና»፣ «የቤት ውስጥ ሥራ ብዛት» የሚሉ ምርጫዎች ተደርድረዋል። አስፋልቱን ብቻውን መሻገር ፈርቶ ትልቅ ሰው እስኪመጣ መንገድ ዳር ቆሞ የሚጠብቀው የሁለተኛ ክፍል ልጅ የትኛው ላይ ምልክት ያድርግ? በክረምት መግቢያ ወንዙ ሲሞላ ዞሮ የሚመጣውስ? መልሱ ከአጥሩ ውጭ ስለ ሆነ መጠይቁ ውስጥ ቦታ አላገኘም።

የመንገዱ ጉዳይ ቀላል ነገር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በመላው ዓለም በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት ለሆኑት ሕፃናትና ወጣቶች ደግሞ ቀዳሚው የሞት ምክንያት ይኸው የመንገድ አደጋ ነው። ልብ በሉ! ይህ የዕድሜ ክልል ነገ የምናስተምረው ልጅና አብዛኞቻችን ሠልጣኞች ያለንበት ነው። በአዲስ አበባም በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት የሚበዙት እግረኞች ናቸው።

«ሹፌሩ ነው ጥፋተኛው» ማለት ይቀላል፤ እርግጥ ብዙ ጊዜም ጥፋተኛ ነው። ነገር ግን ልጅንም ማወቅ ያስፈልጋል። ትንሽ ልጅ ቁመቱ አጭር ስለ ሆነ ከቆመ መኪና ጀርባ አይታይም፤ እሱም አያይም። የሚመጣው መኪና ምን ያህል እንደ ራቀና ምን ያህል እንደሚፈጥን አመዛዝኖ የመወሰን ችሎታውም ገና አልበሰለም። ስለ ልጆች ዕድገት የተማረ ሰው ይህ አዲስ አይሆንበትም። «ግራና ቀኝ አይተህ ተሻገር» ብሎ መምከር ጥሩ ነው፤ ምክሩ ብቻውን ግን ልጁን አያሻግረውም።

ወደ ሒሳቡ እንምጣ። 7 ሜትር ስፋት ያለውን አስፋልት በሰከንድ 1 ሜትር የሚራመድ ልጅ ለመሻገር 7 ሰከንድ ይፈጅበታል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሚኒባስ ደግሞ በሰከንድ 14 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ በ7 ሰከንድ ውስጥ 97 ሜትር ይመጣል ማለት ነው። እንግዲህ ይህ ልጅ በሰላም እንዲሻገር መቶ ሜትር ያህል ርቆ ያለውን መኪና አይቶ መወሰን አለበት። መታጠፊያ ካለ፣ መንገድ ዳር የቆመ አይሱዙ ካለ፣ ከየት ያየዋል? የፊዚክስ መምህሮቻችን እንደሚያስተምሩን ደግሞ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን መኪናው ይዞት የሚመጣው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት በ30 እና በ60 ኪሎ ሜትር መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው። እግረኛና መኪና በሚቀላቀሉበት ቦታ ፍጥነት ከ30 ኪሎ ሜትር እንዳይበልጥ የሚመከረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህን ለመመርመር ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ መለኪያ ገመድና የእጅ ስልክ ይበቃል። በትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት በመንገዱ ዳር 50 ሜትር ለክቶ በሁለቱ ጫፍ ምልክት ማድረግ ነው። መኪናው የመጀመሪያውን ምልክት ሲያልፍ ሰዓቱን ማስነሣት፣ ሁለተኛውን ሲያልፍ ማቆም። 50 ሜትሩን በ6 ሰከንድ ካለፈ ፍጥነቱ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ነው፤ በ3 ሰከንድ ካለፈ 60 ነው። ልጆች በሚገቡበትና በሚወጡበት ሰዓት 100 መኪና ለክቶ ስንቱ ከ30 በላይ እንደ ነበር መመዝገብ የጥቂት ቀን ሥራ ነው። መዝጋቢው ሠልጣኝ ከአስፋልቱ ራቅ ብሎ ይቁም፤ ሕፃናትን ለዚህ ሥራ መንገድ ዳር ማቆም አይገባም።

እንዲህ ያለው ምርምር ፍሬ እንደሚያፈራ ከእኛ ብዙም ሳይርቅ በታንዛንያ ታይቷል። በዳሬሰላም ከተማ አሜንድ የተባለ ድርጅት ልጆች በብዛት የሚጎዱባቸውን የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስቀድሞ ለየ። ልጆቹ በየት በየት እንደሚመጡና የት የት እንደሚሻገሩም አጠና። ከዚያ በኋላ የተሠራው ትልቅ ድልድይ አልነበረም። የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ፣ ዜብራ፣ የእግረኛ መሄጃ፣ ምልክት፣ አንዳንድ ቦታም የግቢውን በር መኪና ወደማይበዛበት ጎን ማዛወር ነበር። ተመራማሪዎች ሥራው የተሠራላቸውን ትምህርት ቤቶች ካልተሠራላቸው ጋር፣ የፊቱንም ከኋላው ጋር ሲያነጻጽሩ በልጆቹ ላይ የሚደርሰው ጉዳት እስከ 26 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ሥራው በ2011 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2019) የሮስ ማዕከል የከተሞች ሽልማት ተሰጥቶታል። ለእኛ ዋናው ቁም ነገር ሽልማቱ አይደለም። ሰዎቹ መጀመሪያ ቆጠሩ፤ ቀጥለው ሠሩ፤ መልሰው ቆጠሩ። ምርምር የምንለው ይህንኑ ነው።

የልጆቻችን አካባቢ መንገድ ብቻ አይደለም። ውሃም አለ፣ ተዳፋትም አለ። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት በድሬዳዋ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ፈጅቷል። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፤ በዳር በዳሩም ይኖራል። ጎርፉ የሚመጣው ግን ከከተማው በላይ ባለው ከፍታ ከሚዘንበው ዝናብ ነው። በሰፈር ሰማዩን ብቻ አይቶ «ዛሬ ደኅና ነው» ማለት የማይቻለው ለዚህ ነው።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ በደረሰው የመሬት ናዳ እንዲሁ ከ200 በላይ ወገኖቻችን አልቀዋል። እዚያ የሆነውን መምህር የሆነ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። መጀመሪያ የተናደው አፈር የቀበራቸውን ሰዎች ለማውጣት የአካባቢው ሕዝብ ተጠራርቶ ደረሰ። በመቆፈር ላይ ሳለ ሌላ ናዳ በላዩ መጣበት። ከሞቱት የሚበዙት ለመርዳት የሄዱት ናቸው፤ ከነሱም መካከል መምህራን፣ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች ነበሩ። እዚያ ጀግንነት አልጎደለም፤ ለወገን መድረስም አልጎደለም። አንድ ጊዜ የተናደ ተዳፋት ዝናቡ ሳያባራ ደግሞ ሊናድ እንደሚችል፣ መሬት ሲሰነጠቅ፣ ዛፍና ምሰሶ ሲያዘነብል፣ የምንጭ ውሃ በድንገት ሲደፈርስ ወይም ባልነበረበት ሲፈልቅ አደጋ መቅረቡን ሊያመለክት እንደሚችል የጂኦሎጂ ባለሙያዎች ያውቃሉ። በየቀበሌው ግን የጂኦሎጂ ባለሙያ የለም። መምህር አለ። ይህ ዕውቀት በመምህሩ በኩል ወደ ሕዝቡ ካልደረሰ በማን በኩል ይደርሳል?

በዚህ ሐሳብ የማይስማሙ እንዳሉ እናውቃለን። አንዳንድ ጓደኞቻችን «ይህ የማዘጋጃ ቤትና የመንገድ መሥሪያ ቤት ሥራ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» ይላሉ። እውነት ነው፤ ጉብታውን የምንሠራው እኛ አይደለንም። ነገር ግን «መንገዱ አስቸጋሪ ስለ ሆነ መፍትሔ ይሰጠን» የሚል ማመልከቻና «በዚህ በር ላይ፣ በዚህ ሰዓት፣ ከ100 መኪና ይህን ያህሉ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ይነዳል» የሚል ማመልከቻ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያውን ወደ ጎን ማድረግ ይቻላል፤ ሁለተኛው ግን መልስ ይፈልጋል።

ከመምህሮቻችንም «ተግባራዊ ምርምር መምህሩ የራሱን ሥራ የሚያሻሽልበት ነው እንጂ የመንገድ ጥናት አይደለም» የሚሉ አሉ። ይህ ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ነው፤ በትክክልም ሊመለስ ይገባዋል። መምህሩ በሥራው ላይ ያጋጠመውን ችግር ለይቶ፣ መፍትሔ ሞክሮ፣ ውጤቱን አይቶ፣ እንደገና የሚያሻሽልበት ከሆነ፣ ፈርቶ፣ በስብሶ፣ አርፍዶ የሚመጣ ልጅ የመምህሩ የሥራ ችግር ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ጨርሶ ያልመጣውስ? ከዚህም ሌላ ሠልጣኙ የሰበሰበው ቁጥር ተመልሶ ትምህርት ይሆናል። የፍጥነት ሒሳብ ከመጽሐፉ ባቡር ይልቅ በትምህርት ቤቱ በር በሚያልፈው ባጃጅ ቢሰላ ልጆቹ ይበልጥ ይገባቸዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። ሰው ጠያቂ ሰልችቶታል። ወረቀት ይዞ የመጣ ሁሉ ስሙንና የቤተሰቡን ብዛት ጠይቆት ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ ዓይኑን አያየውም። ደግሞም ሌላ መጠጊያ የሌለውን ድኻ «ቤትህ ያለው አደገኛ ቦታ ላይ ነው» ብሎ አስደንግጦ መሄድ ምርምር አይባልም። ነዋሪው አካባቢውን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ጎርፉ በየትኛው ዓመት እስከ የት እንደ ደረሰ የሚናገሩ ሽማግሌዎችና እናቶች አሉ። እነሱን መጠየቅ፣ ያገኙትን መልሶ መንገር፣ ከቀበሌውና ከዕድሩ ጋር መምከር ያስፈልጋል። ዕድር በአገራችን ሰው ሳይጎድልበት የሚሰበሰብ ማኅበር ነው። ዛሬ የሚደርሰው ለቀብር ነው፤ ከቀብር በፊት እንዲደርስ የሚረዳው እንዲህ ያለ ዕውቀት ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን ሐሳብ እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ለማስተማር ልምምድ የሚወጣ እያንዳንዱ ሠልጣኝ ከተማሪዎች ጋር ቢያንስ አንድ ቀን እስከ ሰፈራቸው በእግሩ ይሂድ፤ የትምህርት ቤቱንም ዙሪያ በግማሽ ኪሎ ሜትር ውስጥ በእጁ ካርታ ይንደፍ። በካርታው ላይ ሦስት ነገር ያመልክት፤ ልጆች የሚሻገሩበትን፣ ጎርፍ የሚወርድበትን፣ ክዳን የሌለው ጉድጓድ ወይም ሊናድ የሚችል ግንብና ተዳፋት ያለበትን።

ሁለተኛ፣ ቢያንስ አንድ ነገር በቁጥር ይለካ፤ የመኪና ፍጥነት ወይም የእግረኛ ብዛት ወይም ጎርፍ የደረሰበት ከፍታ።

ሦስተኛ፣ ውጤቱ ለመምህር ከመሰጠቱ በፊት በወላጆችና መምህራን ስብሰባ ላይ ይነበብ፤ አንድ ቅጂም በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ይቅር። መምህሮቻችንም ከሚሰጡት ነጥብ ጥቂቱን ለዚህ ያድርጉት።

አራተኛ፣ በሚቀጥለው ዓመት ወደዚያው ትምህርት ቤት የሚመደበው ሠልጣኝ ከአዲስ አይጀምር፤ የቀደመውን ካርታ ይዞ ይሂድና እንደገና ይለካ። ተለውጦ እንደ ሆነ ወይም እንዳልተለወጠ የሚታወቀው በዚህ መንገድ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ የሚጠይቀው ወረቀት፣ ገመድና ጥቂት ቀን ነው። ብዙ ወረቀት መደርደሪያ ላይ አቧራ ከሚጠጣ አንድ ገጽ ካርታ በትምህርት ቤት በር ላይ ተለጥፎ ቢታይ ይሻላል እንላለን። ይህ የግድግዳ ጋዜጣም ለነዚህ ካርታዎች አንድ ዓምድ ቢለቅ መልካም ነው። በሐሳቡ የምትስማሙም ሆናችሁ የምትቃወሙ፣ ሠልጣኞችም መምህራንም፣ አስተያየታችሁን ጽፋችሁ አምጡ፤ እንከራከርበት። ክርክሩ ግን የልምምድ ጊዜው ሳይደርስ ይለቅ፤ ልጆቹ ነገም ጠዋት ያንኑ መንገድ ይሻገራሉና።