የአንበሳው ሚስት፣ አንበሲቷ

እ.ኤ.አ. ጁላይ 30 ቀን 2005 የደቡብ ሱዳን ትግል መሪ ጆን ጋራንግን የጫነው ሄሊኮፕተር ተከሰከሰ። ካርቱም በሁከት ስትናጥ ባለቤታቸው ርብቃ ኛንዴንግ ሐዘናቸውን ዋጥ አድርገው ሕዝቡን አረጋጉ። አንበሳ ሲገደል አንበሲቷ የምታደርገውን ታያላችሁ የሚል የአገራቸውን አባባል አስታወሱ፤ አባባሉም ስማቸው ላይ ተለጥፎ ቀረ። ብዙም ሳይቆይ ጁባ ላይ የደቡብ ሱዳን የመንገድና ትራንስፖርት ሚኒስትር ሆኑ። በ2020 ደግሞ ከአገሪቱ አምስት ምክትል ፕሬዚዳንቶች አንዷ ሆነው ተሾሙ።

ሐሜቱ ታዲያ፣ በባላቸው መቃብር ላይ ቆመው ነው የታዩት የሚል ነው። ሐሰት አይደለም። የጋራንግ ስም ባይኖር ያን ያህል በር አይከፈትላቸውም ነበር። ግን ፕሬዚዳንት ሳልቫ ኪርም ወንበሩን ያገኙት በዚያው አደጋ ምክንያት ነው፤ እሳቸውን በሟች ትከሻ ወጡ የሚላቸው የለም። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» እያልን ላደግን ለእኛ ይህ ሚዛን እንግዳ አይደለም።

ጋራንግ የመሩት ትግል ኢትዮጵያ ምድር ላይ ሰፍሮ ሳለ፣ በ1980ዎቹ፣ «ካቲባ ባናት» የሚባል የሴቶች ሻለቃ ተቋቁሞ ነበር። ብዙዎቹ ጠመንጃ ተምረው ሲያበቁ ወደ ማብሰል፣ ቁስለኛ ወደ ማስታመምና ስንቅ ወደ መሸከም ተመለሱ። የእነሱን ስም ማን ያስታውሳል? ኛንዴንግን የሚነቅፍ ሰው እዚህ ላይ ነጥብ አለው፤ የታወቀች አንዲት ሴት ያልታወቁትን ብዙዎች ልትሸፍን ትችላለች።

በሚስትነት ብቻ የማይፈታው ግን የ2013ቱ ነገር ነው። በ1991 ከጋራንግ የተለዩት የሪያክ ማቻር ወገኖች ቦር ላይ የኛንዴንግን ዲንካዎች ጨፍጭፈዋል። እሳቸው ግን በዲሴምበር 2013 ጁባ ውስጥ ከዚሁ ከማቻር ጎን ተቀምጠው ኪርን በአደባባይ ተቹ። በቀናት ውስጥ ከተማዋ ደም በደም ሆነች፣ እሳቸውም ተሰደዱ። ከሃዲ ያላቸው አለ፤ ለእኔ ግን በባል ስም የሚነግድ ሰው የሚመርጠው መንገድ አይመስለኝም። ከስደት ተመልሰው የነቀፉት መንግሥት ውስጥ መግባታቸውን ግን መከላከል ይከብደኛል።

በሕግ በኩል ብዙ ተገኝቷል። የ2011 የሽግግር ሕገ መንግሥት ለሴቶች ቢያንስ 25 በመቶ ውክልና ሰጠ፤ ባሏ ለሞተባት ሴትም ንብረቱን የመካፈል መብት ጻፈላት። አዲስ አበባ ላይ በ2018 የተፈረመው የሰላም ስምምነት ኮታውን ወደ 35 በመቶ አሳደገው። በተግባር ግን ከ10ሩ ክልሎች አስተዳዳሪነት ለሴት የደረሰው አንድ ብቻ ነበር። ኛንዴንግ የሚመሩትም የሥርዓተ ፆታና የወጣቶች ዘርፍ ነው፤ ጦሩና የነዳጁ ገንዘብ ያለው ሌላ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ይህን ብዬ ልዘጋው ስል የማቻር ባለቤት አንጀሊና ቴኒ ትዝ ይሉኛል። በ2020 መከላከያ ሚኒስትር ሆኑ፤ በማርች 2023 ኪር ከሥልጣን አነሷቸው፣ ከዚያ ወደ አገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ተዛወሩ። ጦሩን ሴት መራችው ማለት ነው፤ እሷም የመሪ ሚስት።

በ2022 የኛንዴንግ ልጅ አኩኦል ደ ማቢዮር ስለ እናቷ የሠራችው ዘጋቢ ፊልም በርሊን ላይ ታየ። ካሜራዋን የደገነችው ባለሥልጣኗ እናቷ ላይ ነው፤ የምትጠይቀው ግን የልጅ ጥያቄ ነው።