አማካይ አይበቃም!

ጢስ ዓባይ ስንት ውኃ ይወርዳል? ብሎ ለሚጠይቅ ሰው አንድ ቁጥር መዝዞ መስጠት በአገራችን እንደ ዕውቀት ይቆጠራል። እኛ ግን ድፍረት ነው እንላለን።

ለምን ማለት ጥሩ ነው። ጂማት በሚባለው ፈተና ውስጥ "አስላ" የማይል፣ "የተሰጠህ መረጃ ይበቃል ወይ?" ብቻ የሚል ጥያቄ አለ። እነሆ፦ የአምስት ቁጥሮች ሬንጅ፣ ማለትም ትልቁ ሲቀነስ ትንሹ፣ ስንት ነው? አንደኛ፣ አማካያቸው 20 ነው። ሁለተኛ፣ ትልቁ 40 ነው። ይበቃል?

ለመመለስ አትቸኩሉ! 0፣ 10፣ 20፣ 30 እና 40 ሁለቱንም ያሟላሉ፤ ሬንጃቸው 40 ነው። 10፣ 15፣ 15፣ 20 እና 40ም ያሟላሉ፤ የእነሱ ግን 30 ነው። ሁለት መልስ ከወጣ መረጃው አልበቃም ማለት ነው። አሁን አማካዩን እንጣልና በምትኩ "ትንሹ 5 ነው" እንበል። አለቀ! 35 ነው።

የጢስ ዓባይ ውኃም የአሥራ ሁለት ወር ቁጥሮች ስብስብ ነው። የጉብኝት ጽሑፎች "ስፋቱ እስከ 400 ሜትር" ይሉናል። እሱ ትልቁ፣ የክረምቱ ነው። በበጋ ከገደሉ ላይ ክር መስሎ የሚወርደውስ የት ተጻፈ?

ልዩነቱ ደግሞ የሰማይ ሥራ ብቻ አይደለም። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጣና መውጫ ላይ የተሠራው የጨረጨራ ግድብ ወደ ዓባይ የሚለቀቀውን ውኃ ይቆጣጠራል። በ2001 ሥራ የጀመረው ጢስ ዓባይ ሁለት ከፏፏቴው በላይ ውኃ እንዲጠልፍ ሆኖ ተሠራ። በ2010 የተመረቀው 460 ሜጋ ዋት ጣና በለስ ደግሞ የሐይቁን ውኃ በዋሻ ወስዶ ለበለስ ወንዝ ይሰጣል፤ ያ ውኃ ፏፏቴውን አያየውም።

መብራት አንጠላም፤ በጨለማ መጻፍም አንወድም። ጠባችን "በዓመት በአማካይ ይበቃል" ከሚለው አነጋገር ጋር ነው። እንግዳ አስጎብኝቶ የሚያድረው የጢስ ዓባይ ልጅ በጥር የመስከረምን ውኃ ሊያሳይ አይችልም። አማካይ ደግሞ እራት አይሆንም።

ስለዚህ ወዳጆቻችን፣ ስለ ውኃም ሆነ ስለ ደመወዝ ወይም ስለ ፈተና ውጤት አማካይ ሲነገራችሁ ከማጨብጨባችሁ በፊት "ትንሹስ ስንት ነው?" በሉ። የዓባይን ልጅ ውኃ የሚጠማው በአማካዩ ቀን ሳይሆን በትንሹ ቀን ነው።