መሮጥ የማይችለው የት ይጫወት?

ካዛንቺስ ስሟን ያገኘችው ጣሊያን በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቿ ካሠራቻቸው ቤቶች፣ «ካዜ ኢንቺስ» ከሚለው ነው። በ2017 ዓ.ም. አብዛኛው ክፍሏ ፈርሶ እንደ አዲስ ሲሠራ ሰፊ የእግረኛ መንገድና አረንጓዴ ቦታ አግኝታለች። ጥሩ ነው። ግን መሮጥ የማይችለው ሰው የት ይጫወት?

እንግሊዞች ሎን ቦውልስ የሚሉት ጨዋታ አላቸው። በተስተካከለ ሣር ላይ ኳስ እያንከባለሉ ወደ አንዲት ትንሽ ኳስ ማስጠጋት ነው። ጡረተኛውም ወጣቱም ይጫወተዋል። የግላስጎው 2026 የኮመንዌልዝ ጨዋታ ወደ 10 ስፖርት ሲቀነስ ሆኪና ትግል ወጡ፤ ቦውልስ ግን ቦታውን አልለቀቀም።

እኛ የኮመንዌልዝ አባል አይደለንም፤ ሣሩም ውድ ነው። የቅርብ ዘመዱ ቦቺያ ግን አቅማችን ነው። ከ1984 ጀምሮ የፓራሊምፒክ ስፖርት ሲሆን ከባድ የአካል ጉዳት ያለበት ሰው በዊልቸር ተቀምጦ ይወዳደርበታል። እጁ መወርወር ካልቻለ አሸንዳ በመሰለ መንሸራተቻ ያንከባልላል። 12.5 በ6 ሜትር የሆነ ለጥ ያለ ወለልና 13 ኳስ ይበቃል።

በፓሪስ 2024 ትዕግስት ገዛኸኝና ያየሽ ጌቴ በ1,500 ሜትር ወርቅ አምጥተውልናል፤ ኮርተናል። ነገር ግን ፓራሊምፒክ ሲባል ሩጫ ብቻ የምናስብ ከሆነ፣ እግሩ የማይታዘዝለትን ልጅ ከደጃፍ መልሰነዋል ማለት ነው።

ቦቺያ በሎስ አንጀለስ 2028ም አለ። እዚያ መድረስ ዓመታት ይፈልጋል። ቂርቆስ ውስጥ በአንድ አዳራሽ ወለል ላይ መስመር ማስመር ግን የአንድ ቀን ሥራ ነው። ክፍለ ከተማው ከዚያ ይጀምር።