ስለ ሕመምተኛ ሥቃይና ስለ አስታማሚ ተግባር

በቤት ውስጥ ሕመምተኛ በተኛ ጊዜ ዘመድ ወዳጁ ሁሉ ይሰበሰባል፤ ምግብ ያቀርባል፤ አልጋውን ያነጥፋል፤ «እግዚአብሔር ይማርህ» ብሎም ይመርቃል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን «ወዴት ነው የሚያምህ? ምን ያህልስ ነው?» ብሎ አጥብቆ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ሕመምተኛውም የተከበረ ሽማግሌ ወይም ወይዘሮ የሆነ እንደ ሆነ፣ በሰው ፊት ማቃሰትን እንደ ነውር ስለሚቆጥረው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ» ብሎ ይመልሳል። ጠያቂው ይህን ሰምቶ ደስ ብሎት ይሄዳል፤ ሕመምተኛው ግን ሌሊቱን ሙሉ ጥርሱን ነክሶ ያድራል። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉት ለዚህ ነው።

በችሎት ነገሩን ያየ ምስክር ቆሞ ሳለ በሌላ ሰው ግምት ፍርድ አይሰጥም። የሥቃይም ነገር እንደዚሁ ነው። ትኩሳት በመለኪያ ይታወቃል፤ ሥቃይን ግን ከባለቤቱ በቀር የሚያውቀው የለም። ማርጎ ማካፈሪ የተባለችው አሜሪካዊት ነርስ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1968 ዓ.ም. አስታማሚ የሕመምተኛውን ቃል እንዲያምን አስተማረች፤ ትምህርቷም ለነርሶች ሥራ መሠረት ሆነ። ሕመምተኛው ስለ ሳቀ ወይም ስለ ተኛ ሥቃይ የለበትም ማለት ስሕተት ነው፤ ድካም ብርቱ ሕመም ያለበትን ሰው እንኳ ያስተኛልና።

እንግዲህ አስታማሚ አምስት ነገር ይጠይቅ። ሕመሙ ወዴት እንደ ሆነ፤ መቼ እንደ ጀመረ፤ እንደ እሳት ያቃጥል ወይም እንደ ጦር ይወጋ ወይም ይቈረጥም እንደ ሆነ፤ ምን እንደሚያብሰውና ምን እንደሚያስታግሰው፤ በመጨረሻም ብርታቱን። ለብርታቱ፣ ምንም ሕመም ከሌለ 0፣ ሊታሰብ ከሚቻለው ሁሉ የከፋ ከሆነ 10 ተብሎ በመካከሉ ባለው ቍጥር ይነገራል። ቍጥር ለማይመቸው «ጥቂት፣ መካከለኛ፣ ብርቱ» ማለት ይበቃል። ለሕፃናት ከሳቂታ እስከ አልቃሻ የተሣሉ ፊቶች ይታዩላቸውና በጣታቸው ያመለክታሉ። መናገር ለማይችል ግን ግንባሩን መቋጠሩ፣ ማቃሰቱ፣ ሲነኩት መሸሹ ይመሰክሩለታል። መልሱ ከነሰዓቱ ተጽፎ ለሐኪም ይቈይ፤ የሚዋጥ መድኃኒት ከተሰጠ በኋላም በአንድ ሰዓት ገደማ ሕመምተኛው እንደ ገና ይጠየቅ።

ሥቃይን ማስታገስ ማቀማጠል የሚመስለው ሰው አለ። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ደረቱ ወይም ሆዱ የተቀደደ ሕመምተኛ ሥቃዩ ካልታገሠለት በረጅሙ መተንፈስና መሳል ይፈራል፤ አክታውም በሳንባው ይጠራቀምና የሳንባ ምች ሊያስከትልበት ይችላል።

በመጀመሪያ ነርስ፣ በኋላም ሐኪም የሆነችው እንግሊዛዊት ሲስሊ ሳንደርስ በ1967 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቆጣጠር በለንደን ቅዱስ ክሪስቶፈር የተባለውን የሕሙማን ቤት ከፈተች። ካንሰር በሚባለው ደዌ ለሚሠቃዩት ሞርፊን ሥቃዩ ተመልሶ እስኪያስጮኻቸው ሳይጠበቅ በተወሰነለት ሰዓት እንዲሰጥ አስተማረች። ሞርፊን ብርቱ መድኃኒት ስለ ሆነ አስታማሚ ከሐኪም ትእዛዝ ምንም አይጨምር፤ በፍርሃትም አይቀንስ። ሆድ ስለሚያደርቅ የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ እንዲታዘዝ ሐኪሙን ይጠይቅ። ሕመምተኛው ሲቀሰቅሱት የማይነቃ ወይም ትንፋሹ እጅግ የዘገየ እንደ ሆነ ግን ሐኪም ወዲያው ይጠራ።

ደግሞም ይህች ሴት ሥቃይ የሥጋ ብቻ አለመሆኑን አመለከተች። የልጆች ሐሳብ፣ ያልተከፈለ ዕዳ፣ ያልታረቁት ወንድም፣ የሞት ፍርሃት ሕመሙን ያብሱታል። ይህን ሐኪም ብቻውን አይፈውሰውም፤ የቤተ ሰብ ድርሻ ነው። ስለዚህ ሕመምተኛ የምትጠይቁ ሁሉ «ቻል» ከማለት በፊት «ምን ያህል ያምሃል?» በሉት፤ መልሱንም እመኑት።