ያልተለቀሰለት ኀዘን

በባዕድ ሀገር የምትኖሩ ወገኖቼ ሆይ፣ ከእናንተ መካከል በማለዳ በሩ ተንኳኩቶ መርዶ ያልተረዳ፣ ወይም ሌላውን ለማርዳት ጎሕ ሳይቀድ ያልተነሣ ሰው ጥቂት ይመስለኛል። ከሀገር ቤት የሚመጣው ስልክ በቀጥታ ወደ ኀዘንተኛው አይሄድም፤ አስቀድሞ ለወዳጁ ይደወላል፣ ወዳጁም ለንስሓ አባቱና ለአብሮ አደጎቹ ይነግራል፣ እነርሱም ሰውየው ወደ ሥራው ሳይወጣ ሊደርሱበት ተቃጥረው፣ በክረምቱ ብርድ መኪናቸውን ከደጁ ራቅ አድርገው አቁመው፣ ሴቶቹ ከካፖርታቸው በላይ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ በዕድሜ የገፋውን ሽማግሌ አስቀድመው ይገባሉ። ከዚያም ንፍሮው፣ ቡናው፣ ሰልስቱ፣ የዕድሩ መዋጮ በየተራው ይመጣል። ይህን ሥርዓት አባቶቻችን አወረሱን፣ እኛም ባሕር አሻግረን አመጣነው፤ ሰው ኀዘኑን ብቻውን እንዲሸከም የማይፈቅድ ከዚህ የተሻለ ሕግ የት እንደሚገኝ አላውቅም።

ነገር ግን ይህ ሕግ የሚሠራው ለሞት ብቻ መሆኑ ዘወትር ያሳስበኛል። ሥራው ለተወሰደበት፣ ትዳሩ ለፈረሰበት፣ የዐሥር ዓመት ጥሪቱን ያፈሰሰበት ንግድ ለተዘጋበት፣ የጥገኝነት ማመልከቻው ውድቅ ለተደረገበት ሰው ማን ጎሕ ሳይቀድ ይነሣል? እንዲህ ያለው ሰው በቤተ ክርስቲያን ደጅ እንዴት ነህ ሲባል «ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል፤ ጠያቂውም መልሱን ተቀብሎ ያልፋል።

ከዓመታት በፊት በቨርጂኒያ አንድ ጎረቤት ነበረኝ፤ በሀገሩ ሳለ የታሪክ መምህር፣ በስደት ሀገር የሆቴል ዕቃ ቤት ሠራተኛ። ከሥራው የተሰናበተ ዕለት ለሚስቱ አልነገራትም። በማግሥቱም እንደ ወትሮው ካፖርቱን ለብሶ፣ እርስዋ ያዘጋጀችለትን ምሳ ዕቃ ይዞ ወጣ፤ እስኪመሽም ድረስ በፖቶማክ ወንዝ ዳር፣ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ዋለ። እንዲህ እያደረገ አራት ወር ኖረ። ደብረ ብርሃን ለምትኖረው እናቱ በየወሩ የሚልከውን ገንዘብ አንድ ጊዜ እንኳ አላስታጎለም፤ በክሬዲት ካርድ እየተበደረ ይልክላት ነበር። በአምስተኛው ወር እናቱ ዐረፈች፣ እኛም እንደ ልማዳችን ስልሳ ያህል ሆነን ገና ሳይነጋ ቤቱን ሞላነው። በሰልስቱ ዕለት አንድ አዛውንት ጨዋታ ለማምጣት ያህል «ወደ ሥራ መቼ ትመለሳለህ ልጄ?» ብለው ቢጠይቁት፣ ለእናቱ ካለቀሰው ይልቅ አምርሮ አለቀሰ፤ ሁሉንም ተናገረ። ሚስቱ ስኒ የተደረደረበትን ሳሕን እንደያዘች በማጀቱ ደጃፍ ቆማ ቀረች። አዛውንቱ ጥቂት ዝም ብለው «ታዲያ ለዚህኛውስ ስለ ምን አልጠራኸንም?» አሉት።

በዚያው ወር የዕቁባችን አባላት ዕጣውን ለእርሱ ለቀቁለት፤ ከለቀስተኞቹም አንዱ በሚሠራበት የመኪና ማቆሚያ የሒሳብ ሥራ ፈለገለት። እነዚያ ስልሳ ሰዎች፣ እኔም ጭምር፣ እርሱ በወንዙ ዳር ብቻውን በተቀመጠባቸው አራት ወራት ሁሉ ከእርሱ ግማሽ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ ነበርን።

ገመናን መሸፈን በባሕላችን ምግባር እንጂ ነውር እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ የተሰደደ ልጅ መከራውን ከእናቱ የሚሰውረው ስለሚወዳት ነው፣ ሐሜትም የሌለ ነገር አይደለም። ሆኖም የቋንቋችን ምሥጢር ወደ ሌላ መንገድ ይመራኛል። «ናዘዘ» የሚለው የግእዝ ግስ ትርጓሜው አጽናና ነው፤ እመቤታችን ናዛዚተ ኅዙናን፣ ያዘኑትን የምታጽናና፣ መባልዋ ከዚህ የተነሣ ነው። ልብን ለንስሓ አባት መግለጥን የምንጠራበት ኑዛዜ የሚለው ቃልም የተወለደው ከዚሁ ግስ ነው። ጽናትና መጽናናትም እንዲሁ የአንድ ሥር ቅርንጫፎች ናቸው። ጥርሱን ነክሶ ዝም ያለውን ሰው ጽኑ ብለን ማወደስ ለምደናል፤ ቋንቋችን ግን ጽናትን የሚያውቀው አጽናኝ ባለበት ቤት ነው።

የጋራ ውድቀት ከግል ውድቀት የሚቀልበትም ምክንያት ይኸው ይመስለኛል። ፋሺስት ኢጣልያ አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ፣ በ1928 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ እንግሊዝ ሀገር ወደ ባዝ ከተማ፣ ሌሎችም ብዙዎች ወደ ኢየሩሳሌም በተሰደዱበት ዘመን፣ መከራቸው ዓለም ያወቀው ነበርና አንዱ ከሌላው የሚሰውረው አልነበረውም። በ2006 ዓ.ም. ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን በጥቂት ወራት ውስጥ ከሳውዲ ዐረቢያ ሲመለሱም፣ በአውሮፕላን ማረፊያው ሁሉም በአንድነት ያለቅስ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ባዶ እጅዋን መንደርዋ የገባችው እኅት ግን የስንት ዓመት ድካምዋን ብቻዋን ታቀፈች።

ለማጽናናት መሄድም የራሱ ጥበብ አለው። ኢዮብ ሀብቱን፣ ልጆቹንና ጤንነቱን በተነጠቀ ጊዜ ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር የተባሉት ወዳጆቹ ተቃጥረው ከየሀገራቸው መጡ፤ ከሩቅ አይተው ሊለዩት ቢያቅታቸው አለቀሱ፣ ትቢያም በራሳቸው ላይ ነሰነሱ፣ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊትም አንዲት ቃል ሳይናገሩ ከእርሱ ጋር በምድር ላይ ተቀመጡ። ወዳጅ ለወዳጁ ሊያደርገው የሚችለው ሁሉ በእነዚያ ሰባት ቀናት ተፈጽሟል ብዬ አምናለሁ፤ ነገሩ የተበላሸው አፋቸውን ከፍተው መከራው የኃጢአቱ ዋጋ መሆኑን ሊያስረዱት በጀመሩ ጊዜ ነው፣ በፍጻሜውም የእግዚአብሔር ቁጣ የነደደው በእነርሱ ላይ እንጂ በኢዮብ ላይ አልነበረም። እኛም ንግዱ የተዘጋበትን ሰው «ያኔ ነግረንህ ነበር» ስንለው፣ ትዳሩ የፈረሰበትን ጥፋተኛው ማን እንደ ሆነ ስንመረምረው፣ ከስምንተኛው ቀን ጀመርን ማለት ነው። እህልና እንቅልፍ እምቢ ላለው፣ መኖርን ለጠላ ሰው ሐኪም ዘንድ መሄድ ከጸበሉ ጋር የሚጣላ አይደለም፤ በመጠበቂያው ክፍል አብሮት የሚቀመጥ ወዳጅ ካገኘ ግን እግሩ ይቀለዋል።

ባለፈው ሳምንት በሰፈራችን ለብዙ ዘመን እንጀራ ጋግራ ትሸጥ የነበረች አንዲት እኅት ሱቅዋን ዘጋች። በደጁ ሳልፍ ምጣዶቹን የገዛው ሰው አንድ በአንድ እያወጣ መኪና ላይ ሲጭን፣ እርስዋ የመጨረሻውን በጨርቅ ስትወለውልለት አየሁ። ቅዳሜ ማለዳ፣ ሥራ ፍለጋ ሳትወጣ፣ ሦስት ሆነን ወደ ቤትዋ ልንሄድ ተቃጥረናል፤ አንደኛዋ ጀበናዋን፣ ሁለተኛዋ ቆሎ፣ እኔም ንፍሮ እንይዛለን። ምን እንደምንላት አልተነጋገርንም።