በሬ ተሽጦ ሞተር ይገዛል?

ዛሬ የማነሳው ከወደ እስቴ የደረሰኝን ደብዳቤ ነው። ስሜን ደብቅልኝ ስላለኝ ደብቄዋለሁ።

«እህል እነግዳለሁ» ይላል ልጁ። «ከመካነ ኢየሱስ ወደ ገጠሩ፣ አንዳንዴም ወደ ስማዳ እወርዳለሁ። ለአንድ አነስተኛ አዲስ ሞተር የምትሆን ገንዘብ አጠራቅሜያለሁ። ጓደኞቼ ግን ‹አንተን የሚያክል ወንድ እንዲህ ያለች ፌንጣ ላይ ይቀመጣል? ስም ያለውን ትልቁን ግዛ እንጂ› ይሉኛል። ባሕር ዳር አንድ ያገለገለ አግኝተውልኛል። ለመሙያው አባቴ አንዱን የእርሻ በሬ ልሽጥልህ ብለውኛል። እጮኛዬ ደግሞ በሬው ከተሸጠ ሠርጉ ይቅር ብላ ቁርጡን ነግራኛለች። ምን ይሻለኛል?»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ‹ስም› ስለሚሉት ነገር ልንገርህ። ትሪምፍ የሚባለው የእንግሊዝ ፋብሪካ የመጀመሪያ ሞተር ሳይክሉን የሠራው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። የአሜሪካው ሃርሊ ዴቪድሰን ደግሞ በ1903 ተመሠረተ። ሁለቱም ስማቸው የገነነው በትልልቅ ሞተሮቻቸው ነው። በ2023 ግን ትሪምፍ ከሕንዱ ባጃጅ ጋር ሆኖ 398 ሲሲ፣ ሃርሊም ከሕንዱ ሂሮ ጋር ሆኖ 440 ሲሲ ሞተር አወጡ። አዎ፣ ባጃጅ! እኛ ባለ ሦስት እግሯን በስሙ የምንጠራበት ያው ባጃጅ። ለምን ቢባል፣ ብዙው ገዢ ያለው በትንሹና በርካሹ በኩል ነዋ! ከመቶ ዓመት በላይ የኖሩት እነሱ ሳያፍሩ አንተን ምን አሳፈረህ?

ደግሞ ልብ በል። የእነሱ ‹ትንሽ› ለእኛ ትልቅ ነው። በአገራችን በብዛት የምናያቸው ባጃጅና ቲቪኤስ ከ100 እስከ 150 ሲሲ ናቸው። የብዙ ሰው ሞተር ሲሆን መካኒኩም ያውቀዋል፣ ካንዴላውና የፍሬን ሸራውም አይጠፋም። ያ ባለ ስሙ አንድ ቀን ገደል አፋፍ ላይ ቀጥ ቢልብህ፣ ስሙን ነው የምትገፋው?

እንዲያም ሆኖ ከሁሉ ትንሿን ግዛ አልልህም። አገርህ ደጋ ነው፤ ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህሉን ያጣል። እህል ጭነህ ዳገት ስትወጣ 100 ሲሲዋ ታቃስትብሃለች። ገንዘብህ ከደረሰ 125 ወይም 150 ይሻልሃል። ካልደረሰ ጥቂት ወር ታገስ።

አሁን ወደ በሬው እንምጣ። አንድ በሬ ብቻውን አያርስም። ጥንዱ ከፈረሰ አባትህ በስተርጅና መቀናጆ ፍለጋ የሰው ደጅ ሊጠኑ ነው። ዝናብ ሲጥል ደግሞ ሁሉም የሚያርሰው መጀመሪያ የራሱን ነው። አባትህ እሺ ያሉህ ስለሚወዱህ እንጂ በሬው ተርፏቸው አይደለም። ሞተር ከገዛኸው ቀን ጀምሮ ዋጋው ይወርዳል። በሬ ግን አርሶ ያበላህና ሲደልብ ደግሞ ይሸጣል።

እጮኛህን ክፉ አትበላት። እሷ የጠየቀችህ ስለ ሞተር አይደለም። ነገ ጎጆ ስትወጡ የምትሰማው የጓደኛ ወሬ ነው ወይስ የቤትህን ችግር? ልታውቅ የፈለገችው ይህን ነው። ዛሬውኑ ሄደህ «በሬው አይሸጥም» በላት።

ሞተሯን ስትገዛ መንጃ ፈቃድና የራስ መከላከያ ቆብ አትርሳ፤ ሦስት ሰውም አትጫን። ሠርጉ ሲደርስ ደግሞ ጥሪው ይድረሰን።

ሳምንት በሰላም ያገናኘን።